መርከቡ ላይ የራስሽ በር ይኑርሽ

ውድ እትዬ፣

ዓምድዎን ዘወትር አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የ47 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ባለትዳርና የአንዲት የ16 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። አሜሪካ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ሰባቱን ዓመት ያሳለፍኩት አንዲት የ86 ዓመት አሜሪካዊት በመንከባከብ ነው። እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ካወቁ ወዲህ በሌላ ስም ከጠራኋቸው ይቆጣሉ።

እማማ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ዓለምን በመርከብ ለመዞር ተነጋግረው ነበር። ሳይሆንላቸው ቀረ። አሁን «ሳልሞት ልሂድ» ብለዋል። መርከቡ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ማግስት ከፍሎሪዳ ይነሳና በፓናማ ቦይ አልፎ ሎስ አንጀለስን፣ ሃዋይን፣ ታሂቲን፣ ኒውዚላንድን፣ አውስትራሊያን፣ ሲንጋፖርን፣ ስሪላንካን፣ ሞሪሸስንና ኬፕ ታውንን ዞሮ በ118 ቀን ይመለሳል። «ያለ አንቺ አልሄድም» ብለውኛል። ገንዘባቸውን የሚያስተዳድረው ልጃቸው ደግሞ ትኬቴን እንደሚከፍሉልኝ፣ ከእማማ ጋር በአንድ ክፍል በሁለት አልጋ እንደምንተኛ፣ ምግብና መኝታ ነጻ ስለሆነ ደመወዜ በግማሽ እንደሚቀንስ ነገረኝ። «ደግሞስ ለአንቺም ዕረፍት እኮ ነው» አለኝ።

ጓደኞቼ «ይህንን ዕድል እምቢ ካልሽ እብድ ነሽ» ይሉኛል። ባለቤቴ «እንደ ፈቀድሽ» ብሎ ዝም አለ። ልጄ «ሂጂ፣ ፎቶ ላኪልኝ» ትላለች። እኔ ግን ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። ዋና አልችልም። ጾሙም ፋሲካውም እዚያው ባሕር ላይ ሊያገኘኝ ነው። የያዝኩት የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ነው። እምቢ ብል የእማማ ሕልም ይቀራል፤ ምናልባትም ሌላ ሰው ይቀጥራሉ። እሺ ብል ደግሞ ምን እንደሚያስፈራኝ ራሴም በቅጡ አላውቀውም።

እናቴ ጎንደር ናት። ከታመመች ቆይታለች። ካየኋት አምስት ዓመት ሆኖኛል።

ምን ይመክሩኛል?

ስሜ ይቆይ፣ ከአሌክሳንድሪያ


እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ስለ መርከብ የተጻፈ መሰለኝ፤ በሁለተኛው ስለ ደመወዝ። በሦስተኛው ግን ዓይኔ ከመጨረሻዎቹ ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ላይ አልነሳም አለ። የመርከቡን መንገድ ወደብ በወደብ ቆጥረሽ ነግረሽኝ፣ ስለ እናትሽ ስትደርሺ ቃል አጠረሽ። ወደዚያ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ መርከቡ እናውራ። ከሚያስፈሩሽ ነገሮች አንዳንዶቹ ጥያቄ በመጠየቅ ብቻ የሚቀሉ ናቸው፤ እነሱ ገለል ሲሉ የቀረውን ፍርሃት ለይተሽ ታውቂዋለሽ።

«ዋና አልችልም» ብለሻል። ለጎንደር ልጅ ባሕር ማለት ጣና ነው፤ ማዶው ባይታይ እንኳ ማዶ እንዳለው ታውቂያለሽ። ውቅያኖስ ሌላ ነገር ነው። ከሎስ አንጀለስ እስከ ሃዋይ ወደ 4,100 ኪሎ ሜትር ነው፤ አራት አምስት ቀን ሙሉ ከውኃና ከሰማይ በቀር የሚታይ የለም። እኔም ከዓመታት በፊት በእንዲህ ያለ መርከብ አሥራ አምስት ቀን ተጉዤ ነበር። በሁለተኛው ሌሊት ሰገነቱ ላይ ቆሜ ያንን ጨለማ ሳየው ጉልበቴ እንደከዳኝ ዛሬም አልረሳውም። በአምስተኛው ሌሊት ግን እዚያው ቦታ ቆሜ፣ ከልጅነቴ ወዲህ ያላየሁትን ያህል ኮከብ አየሁና ወደ ክፍሌ መግባት አቃተኝ። ፍርሃትሽ ሞኝነት እንዳልሆነ፣ እንደያዘሽም እንደማይቀር ልነግርሽ ብዬ ነው።

ደኅንነቱ በአንቺ ዋና ላይ የቆመ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለው መርከብ ኢጣሊያ ጠረፍ ላይ ከዓለት ጋር ተጋጭቶ 32 ሰዎች ሲሞቱ፣ በዚያው ቀን ከተሳፈሩት መካከል ብዙዎቹ የአደጋ ጊዜ ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። ከዚያ በኋላ ዓለም አቀፉ ደንብ ተለውጦ ልምምዱ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት፣ ወይም እንደተነሳ ወዲያውኑ እንዲሆን ተደርጓል። አንቺ በዚያ ልምምድ ላይ ከሁሉ ይበልጥ ልብ ብለሽ ስሚ። አሳንሰሩ ቢቆም እማማን በደረጃ ማን እንደሚያወርዳቸው በስም ጠይቂ። ለማቅለሽለሹ ደግሞ በመርከቡ ወገብ፣ ዝቅ ባለ ፎቅ ላይ ያለ ክፍል ይሻላል፤ መወዛወዙ እዚያ ይቀንሳል። ዝንጅብል ያዢ፤ ሲብስብሽ ወጥተሽ አድማሱን ተመልከቺ።

አሁን «ዕረፍት እኮ ነው» ወደሚለው ቃል ልምጣ። የእማማን ልጅ ክፉ ሰው አድርጌ ልስለው አልፈልግም፤ ያየው የማስታወቂያውን ሥዕል ይሆናል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዛሬ ቤታቸው ስትሠሪ ማታ ምን ታደርጊያለሽ? እራታቸውን አብልተሽ፣ መድኃኒታቸውን ሰጥተሽ፣ «ደኅና እደሩ» ብለሽ በሩን ትዘጊያለሽ። መኪናሽን ታስነሻለሽ። ቤትሽ ስትገቢ ጫማሽን አውልቀሽ የልጅሽን ድምፅ ትሰሚያለሽ። ሰባት ዓመት ሙሉ እማማን እንደ እናት የወደድሻቸው፣ በየማታው ከእሳቸው ዘንድ ወጥተሽ የምትሄጂበት በር ስለነበረሽም ጭምር ይመስለኛል። መርከቡ ላይ በአንድ ክፍል ሁለት አልጋ ማለት ያ በር የለም ማለት ነው። ሌሊት ሦስት ጊዜ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲነሱ አንቺም ትነሻለሽ። ብዙ የመርከብ መታጠቢያ ክፍሎች ከፍ ያለ ደፍ ስላላቸው፣ መርከቡ በሚወዛወዝበት ሌሊት ብቻቸውን እንዲሻገሩት አትተያቸውም። ጠዋት ሌላው መንገደኛ ቁርሱን በልቶ ፀሐይ ሲሞቅ፣ አንቺ ሃያ አራት ሰዓት ከሞላው ሥራ ወደ ሌላ ሃያ አራት ሰዓት ትሻገሪያለሽ። ይህ ለአንድ ሳምንት ይቻላል። 118 ቀን ግን ፍቅርንም ይጨርሳል፤ እኔ የምፈራው ይህንን ነው።

ሌላም አለ። መርከቡ ላይ ክፍል የሚያጸዳው፣ ወጥ የሚሠራው፣ ሳህን የሚያነሳው ሁሉ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ባወጣው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ይጠበቃል፤ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ቢያንስ አሥር ሰዓት ዕረፍት ይገባዋል። አንቺ ግን በመርከቡ መዝገብ ላይ ሠራተኛ ሳትሆኚ መንገደኛ ነሽ፤ ያ ስምምነት አይመለከትሽም። የዕረፍት ሰዓትሽን የሚጠብቅልሽ ከእነሱ ጋር የምትፈራረሚው ወረቀት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ወረቀት ይኑር። ሰባት ዓመት በመተማመን ሠርታችሁ አሁን ውል መጠየቅ ሊያሳፍርሽ ይችላል። የእኛ ሰው ገንዘብና ፍቅርን አንድ ላይ ማንሳት ይከብደዋል፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ውል የሚጻፈው ለጸብ ብቻ አይደለም። እማማ ራሳቸው መቼ ሊጠሩሽ እንደሚችሉ፣ መቼ ደግሞ ሊተዉሽ እንደሚገባ ካወቁ እሳቸውም ይቀላቸዋል።

በውሉ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው የራስሽን ክፍል ነው። ቀላል ጥያቄ አይደለም። የመርከብ ክፍሎች ለሁለት ሰው ታስበው ስለሚሸጡ፣ ብቻውን የሚተኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሁለት ሰው ያህል ይከፍላል፤ ልጃቸው አንድ ክፍል ያለውም ከዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም መሃል ላይ በር ያላቸው ተያያዥ ክፍሎች አሉ፤ አለዚያም ከእማማ ክፍል ፊት ለፊት መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል ይገኛል፤ እሱ ከሁሉም ርካሹ ነው። መስኮት ባይኖረው አይክፋሽ፤ የሚዘጋ በር ይኑረው እንጂ። ለሌሊቱ እማማ ከአልጋቸው አጠገብ የሚጫኑት የጥሪ ደወል ይበቃል። ለእሳቸው ክፍል ደግሞ ደፍ የሌለው፣ ለተሽከርካሪ ወንበር የተሠራ መታጠቢያ ያለው ይጠየቅ፤ እንዲህ ያሉት ክፍሎች ጥቂት ስለሆኑ ቶሎ ያልቃሉ።

ደመወዙን በግማሽ ስለ መቀነሱ የምናገረው አጭር ነው፤ አትቀበይ። ሥራው በእጥፍ ሲጨምር ክፍያው በግማሽ የሚቀንስበት ምክንያት የለም። የምትበይው ሰላጣ የልጅሽን የትምህርት ቤት ወጪ አይከፍልም። በተጨማሪም በብዙ መርከቦች ላይ በነፍስ ወከፍ በየቀኑ የሚታሰብ የአገልግሎት ጉርሻ አለ፤ ኢንተርኔትና የልብስ እጥበትም ብዙ ጊዜ ለብቻ ይከፈላሉ። የአንቺን ድርሻ ማን እንደሚከፍል ከአሁኑ ይነገርሽ። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን፣ በየቀኑ ደግሞ ጥቂት ሰዓት የራስሽ ይሁን። የዕረፍት ቀንሽ ወደብ ላይ እንዲውልም ጠይቂ። እማማ በተሽከርካሪ ወንበር ከሆኑ፣ መርከቡ መልሕቅ ጥሎ ሰው በትንንሽ ጀልባ በሚወርድባቸው ወደቦች እሳቸው ላይወርዱ ይችላሉ፤ የአንቺ ቀን ካልተለየ አንቺም አትወርጂም። ዓለምን ዞረሽ ዓለምን በመስኮት ብቻ አይተሽ እንድትመለሺ አልፈልግም። ስትወርጂ ግን ሰዓትሽን ጠብቂ፤ መርከብ እንደ ሰርገኛ አይጠብቅም።

ለልጃቸው በእኔ አፍ ቢሆን እንዲህ እለዋለሁ፦ «እናትህን እወዳቸዋለሁ፤ ብሄድ ደስ ይለኛል። እሳቸውን በደኅና ወስጄ በደኅና ለመመለስ ግን ሌሊት መተኛት አለብኝ። የራሴ ክፍል፣ ሙሉ ደመወዜ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት፣ የእኔም የሕክምና መድን። እነዚህ ከተሟሉ እንነጋገር።» ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ቢከብድሽም ቃልሽን አትመልሺ።

የሕክምናው ነገር በተለይ ሊታለፍ አይገባም። መርከቡ ላይ ሐኪምና ነርስ ያለበት ትንሽ ክሊኒክ ይኖራል፤ ሆስፒታል ግን አይደለም። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን በአብዛኛው ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልም። ስለዚህ ታማሚን በአውሮፕላን ማውጣትን የሚጨምር የጉዞ መድን ለሁለታችሁም ይገዛ። እንግዲህ ደፈር ብለሽ የምትጠይቂው ይህ ነው፦ እማማ ሕመም ጸንቶባቸው በአንድ ወደብ ወደ ሆስፒታል ቢወርዱ፣ መርከቡ ይሄዳል፤ እናንተ ትቀራላችሁ። በማታውቂው አገር ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ማን ይፈርማል? ማን ይከፍላል? ከልጆቻቸው ማን በስንት ቀን ይደርሳል? አንቺስ በምን ትመለሻለሽ? የ86 ዓመት ሰው ይዘሽ ነው የምትሄጂው፤ የመጨረሻው ነገር ቢመጣ የሚፈልጉትን ጽፈው ይስጡሽ። እማማ ከልጃቸው ይልቅ ይህንን ለመነጋገር የሚደፍሩ ይመስለኛል፤ «ሳልሞት ልሂድ» ያሉት እሳቸው ናቸው።

አንድ የሙያ ነገርም ላስታውስሽ። መርከቡ ወደ ምዕራብ ሲሄድ በየጥቂቱ ሌሊት ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ከታሂቲ በኋላ ደግሞ የቀን መለወጫውን መስመር ስትሻገሩ አንድ ሙሉ ቀን ይጠፋል፤ ሰኞ ማታ ተኝታችሁ ረቡዕ ትነሳላችሁ። ለወጣት ጨዋታ ነው። መድኃኒት በሰዓት ለሚወስዱ፣ እንቅልፋቸው ለሚዛባ አዛውንት ግን ራስ ምታት ነው። ከሐኪማቸው ጋር ተቀምጠሽ ሰዓቱ በተለወጠ ቁጥር ክኒኑ እንዴት እንደሚሰጥ አጽፊ። መድኃኒቱ ከ118 ቀን በላይ የሚበቃ፣ በየራሱ ጠርሙስ፣ ከእጅሽ በማይለይ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። መርከብ ላይ የሚዛመተውን የሆድ ሕመም በተመለከተ የእጅ አልኮል ብዙም አያግደውም፤ ሳሙናና ውኃ ነው መድኃኒቱ።

ፓስፖርትሽ ከመርከቡ ይበልጥ አስጨናቂ ሊሆን ይችላል። አሜሪካዊ መንገደኛ ሳያስብበት የሚገባባቸው ብዙዎቹ አገሮች ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ይጠይቃሉ። ለአብነት አውስትራሊያ ከመርከቡ ሳትወርጂም ቪዛ ትጠይቅሻለች። የጎደለ ቪዛ ካለ መነሻው ወደብ ላይ እንዳትሳፈሪ ልትከለከይ ትችያለሽ፤ ያን ጊዜ እማማ በአንድ በኩል፣ አንቺ በሌላ በኩል ትቀራላችሁ። የወደቦቹን ዝርዝር ይዘሽ የእያንዳንዱን አገር ደንብ ከመርከብ ድርጅቱና ከኤምባሲዎቹ አጣሪ። ወጪውንም የሚሸፍነው ጋባዡ ነው። በፓስፖርትሽ ላይ በቂ ባዶ ገጽና ከጉዞው ማብቂያ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቆይ ጊዜ ይኑር። ግሪን ካርድሽን በተመለከተ ከስድስት ወር ያነሰ ቆይታ በአብዛኛው ለዜግነት የምትቆጥሪውን ዘመን አያቋርጥብሽም፤ ቢሆንም የኢሚግሬሽን ጠበቃ አንድ ጊዜ ይየውልሽ። ቪዛው ካልተሟላ ደግሞ ነገሩ ያለ ጸብ በራሱ ይወሰናል፤ ለዚህ ነው ከሁሉ ቀድመሽ አጣሪው የምልሽ።

ጾሙ አያስጨንቅሽ። በእነዚህ መርከቦች ወጥ ቤት «ቪጋን»፣ ማለትም ከእንስሳ የሚገኝ ነገር የሌለበት ምግብ፣ የሚለው ቃል ይሠራል፤ ከጉዞው በፊት አስመዝግቢ፣ እንደ ተሳፈርሽም ለምግብ ቤቱ ኃላፊ ንገሪ። ሃምሳ አምስቱን ቀን ሰላጣ ብቻ እየበላሽ አታሳልፊም። በክፍልሽ ውስጥ ምድጃ ማስገባት ስለማይፈቀድ ሽሮ እሠራለሁ ብለሽ አትቁጠሪ፤ ሚጥሚጣ ግን በትንሽ ዕቃ ያዢ፤ እንግዳ ምግብ ሁሉ በሚጥሚጣ ይለመዳል። ኒውዚላንድ ወደብ ላይ ስትወርጂ ግን ምንም የምግብ ነገር በቦርሳሽ እንዳይገኝ፤ ያልተናገርሽው አንድ ፍሬ እንኳ 400 የኒውዚላንድ ዶላር ያስቀጣል።

ባለቤትሽ «እንደ ፈቀድሽ» ማለቱን ጽፈሻል። እኔ ይህንን ቃል ከብዙ ባሎች ሰምቼዋለሁ፤ አንዳንዴ «አምንሻለሁ» ማለት ነው፣ አንዳንዴ «ቅር ብሎኛል፣ ግን እንቅፋት መባል አልፈልግም» ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ልጃችሁ ተኝታ፣ ቡና አፍልተሽ ጠይቂው። «አራት ወር ብቻህን ስትሆን የሚከብድህ ምንድን ነው?» በይው። ልጅሽም «ሂጂ» ስትል ከልቧ ይመስለኛል፤ ሆኖም በየሳምንቱ ስንት ቀን እንደምትነጋገሩ ከአሁኑ ተስማሙ።

ወደ እናትሽ ልመለስ።

እህቴ፣ የሚያስፈራሽ መርዶ አይደለምን? ተሳስቼ ከሆነ ይቅር በይኝ። ግን ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው ሁሉ ይህንን ፍርሃት ያውቀዋል፤ ሌሊት ስልክ ሲጮህ ልባችን የሚቆመው ለዚህ ነው። አሌክሳንድሪያ ሆነሽ ክፉ ቢሰማ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ማለዳ በርሽ ይንኳኳል። የማኅበርሽ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይገባሉ፤ ሳይናገሩ ታውቂያለሽ። ይዘውሽ ያለቅሳሉ፤ ቡናው ይፈላል፤ ሦስት ቀን ብቻሽን አትሆኚም። ከሃዋይ ወደ ታሂቲ በሚወስደው ባሕር መካከል ግን ማን ይነግርሻል? በማን ትከሻ ላይ ታለቅሻለሽ? መርከቡ ለአንድ ሰው ሐዘን ወደ ኋላ አይዞርም፤ ሄሊኮፕተርም የሚደርሰው ጠረፍ ሲቀርብ ብቻ ነው። ያለሽበት ያ ከሆነ እስከሚቀጥለው ወደብ አራት አምስት ቀን ሊሆን ይችላል። ይህንን ማቃለል አልችልም፤ ላቃልለውም አልፈልግም።

ነገር ግን ካርታውን አውጥተሽ እስቲ እዪው። መርከቡ በሄደ ቁጥር ከእናትሽ የሚርቅ መስሎሻል። መጀመሪያ ላይ እውነት ነው። ከታሂቲ በኋላ ግን ይገለበጣል። ሲንጋፖር የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይበርባታል። ኬፕ ታውንም እንዲሁ፤ ከዚያ አዲስ አበባ ስድስት ሰባት ሰዓት ነው። ዛሬ ካለሽበት ከዋሽንግተን በቀጥታ ሲበሩ እንኳ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ይህ መርከብ በአንድ ወቅት ከቤትሽ ይልቅ ለጎንደር ያቀርብሻል።

ስለዚህ ማንም ያላቀረበልሽን አንድ ሐሳብ እኔ ላቅርብ። የረጅም ጉዞ መርከቦች መንገዱን በክፍል በክፍል ከፍለውም ይሸጣሉ፤ ሰው መሃል ላይ ይሳፈራል፣ መሃል ላይ ይወርዳል። አንቺ እስከ ኬፕ ታውን ሂጂ። ከዚያ በኋላ ያለውን፣ አትላንቲክን አቋርጦ ወደ ፍሎሪዳ የሚመለሰውን መንገድ ልጃቸው ራሱ ወይም ከቤተሰቡ አንዱ መጥቶ ከእማማ ጋር ይጨርስ። መርከቡ እዚያ የሚደርሰው በመጋቢት አካባቢ ይመስለኛል፤ ቀኑን ከጉዞ ሰሌዳው ላይ እዪ። አንቺ ከኬፕ ታውን ተነስተሽ፣ ሆሳዕና ሳይደርስ ጎንደር እናትሽ ቤት ትገቢያለሽ። ፋሲካን ከእሷ ጋር ትፈስኪያለሽ። ለጉዞው የአውሮፕላን ትኬትሽን እንዲከፍሉ ብትጠይቂ፣ ለአንድ ሰው የመርከብ ክፍል ከሚያወጡት የተረፈ ገንዘብ ይሸፍነዋል ብዬ እገምታለሁ። ልጃቸውም እናቱን ለሦስት ሳምንት ያህል ባሕር ላይ ያገኛታል፤ ይህ ለእሱ ሸክም ብቻ እንደማይሆን ተስፋ አደርጋለሁ።

«እስከዚያስ?» ትዪኝ ይሆናል። እስከዚያ ጎንደር ካለችው እህትሽ ወይም እናትሽን ከምታስታምመው ሰው ጋር ተነጋገሪ፤ ማንም እንዲህ ያለውን ነገር ማውራት አይወድም፤ ግን አውሩት። ክፉ ነገር ቢመጣ ባሕር ላይ እያለሽ ይነገርሽ ወይስ ወደብ እስክትደርሺ ይጠበቅ? ምርጫው የአንቺ ነው፤ ማንም በአንቺ ፈንታ እንዳይወስን አስቀድመሽ ተናገሪ። በመልእክት ሳይሆን በድምፅ ይሁን፤ መጀመሪያ ለባለቤትሽ ተነግሮ እሱ ይደውልልሽ። መርከቡ ላይም በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰው ፈልጊ፤ ከሠራተኞቹ መካከል አገሩን ጥሎ የመጣ፣ እናቱን በስልክ የሚያስታምም አታጪም። እንዲህ ያለ ሰው ቋንቋሽን ባያውቅ እንኳ ልቅሶሽን ያውቀዋል። በረጃጅም ጉዞዎች ላይ ቄስ የሚያሳፍሩ መርከቦችም አሉ፤ ይህኛው እንዳለው ጠይቂ።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ልብሽ እምቢ ሊል ይችላል። ያን ጊዜ እምቢ በይ፤ እማማን ከጎናቸው ተቀምጠሽ፣ እጃቸውን ይዘሽ ንገሪያቸው። «እናቴ ታማለች፤ ከስልክ ርቄ አራት ወር መቆየት አልችልም» በያቸው። የእናትነትን ስም ወደው የተቀበሉ ሴት ይህንን አይረዱም ብዬ አላስብም። በምትኩ ከፍሎሪዳ ተነስቶ በአንድ ሳምንት የሚመለስ አጭር ጉዞ አብራችሁ ሂዱ። ለነገሩ እሺ ብትዪም ይህንኑ አስቀድማችሁ ብትሞክሩ እወዳለሁ። ለ118 ቀን ከመክፈል በፊት በሰባት ቀን ውስጥ እማማ ባሕሩን ይችሉት እንደሆነ፣ ደወሉ በሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚጮህ፣ አንቺም ያንን ጨለማ ለማየት ሰገነቱ ላይ ትወጪ እንደሆነ ይታወቃል።

እኔ ብሆን? የራሴ በር ካለኝና ኬፕ ታውን ላይ ከተለቀቅሁ እሄዳለሁ። በ1914 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የፓናማ ቦይ ውስጥ ያን የሚያህል መርከብ በውኃ ብቻ 26 ሜትር ወደ ላይ ሲነሳ ቆሜ ማየት እፈልጋለሁ። አንድ ክፍል ሁለት አልጋ ካሉኝ ግን አልሄድም። ይህ የእኔ ነው፤ የአንቺ ሊለይ ይችላል።

በደብዳቤሽ ውስጥ ሁሉም ሰው አስተያየቱን ሰጥቷል፤ ጓደኞችሽ፣ ባለቤትሽ፣ ልጅሽ፣ የእማማ ልጅ። እናትሽ ብቻ የለችበትም። ነግረሻታል? እንዳትጨነቅ ብለሽ ደብቀሻት ይመስለኛል። እሑድ ከቅዳሴ ስትመለሺ ደውዪላት። መርከቡ ስንት ፎቅ እንዳለው፣ በየት በየት እንደሚያልፍ ንገሪያት፤ ለፋሲካ ልመጣ እችላለሁ ብለሽም ንገሪያት። ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ።